ሦስቴ የተፈታችው ማረሻ

እኔ አፌ ከጆሮዬ የሚቀድም ሰው ነኝ። ደብቄ ብጽፈው የሚያውቁኝ ሁሉ ይስቁብኛል። ሚስቴ «አንተ መጀመሪያ ትጮሃለህ፣ ቀጥለህ ትሰማለህ፣ ሁሉም ካለቀ በኋላ ታስባለህ» ትለኝ ነበር፤ እውነቷን ነው። በዚሁ አመሌ የተነሳ አንድ ጊዜ ልትቀርብኝ ነበር። ነገሩን ያመጣችው አንዲት የብረት ማረሻ ናት ብል ማን ያምነኛል?

በደርግ ጊዜ ነው፣ ከድርቁ በፊት። ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ዳር ለነበረው የአምራቾች ማህበራችን አንዲት ትንሽ ትራክተር መጣችለት። ትንሽ ስል የምር ትንሽ ናት፤ ከአንድ ደህና በሬ ብዙም አትበልጥ። ማንበብና መጻፍ ስለምችል ለሥልጠና የተላክሁት እኔ ነበርኩ። ሦስት ወር ተምሬ፣ ወረቀት ይዤ፣ ደረቴን ነፍቼ ተመለስኩ። እዚያ ያስተማሩን «ማረሻ ይገጠማል፣ ማረሻ ይነቀላል» ብለው ነው። በሠርጌ ሰሞን አማቴ፣ የሚስቴ አባት፣ «ይህ ትራክተር የሚሉት እንዴት ነው የሚጠመደው?» ብለው በየዋህነት ቢጠይቁኝ፣ «አይጠመድም፣ አይፈታም! ይገጠማል፣ ይነቀላል!» ብዬ በሰው ፊት አረምኳቸው። ምን ነክቶኝ ነበር! እሳቸው ግን አልረሱትም።

ትራክተሯ ከኋላዋ ሦስት የብረት ክንድ አላት። ሁለቱ ከታች ናቸው፣ ግራና ቀኝ፤ ሦስተኛው ከላይ፣ መሃል ላይ። ማረሻውም ሆነ የተገለበጠውን አፈር የሚሰባብረው መከስከሻ በነዚሁ በሦስቱ ላይ ነው የሚያያዘው፣ በእያንዳንዱ አንድ አንድ ፒን ገብቶ። በወሬ ቀላል ይመስላል። ትራክተሯን በኋላ ማርሽ ወደ ማረሻዋ ስታስጠጋ ስንዝር ከሳትክ ግን ፒኑ አይገባም። ማረሻዋን ወዲያ ወዲህ እንዳትል ደግሞ ብረት ናት፣ እንኳን አንድ ሰው አራት ሰውም አይነቀንቃት። ስለዚህ ከኋላ ቆሞ የሚመራ ሰው ያስፈልጋል።

ለዚህ ሥራ የተሰጡኝ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ በበሬ ያረሱ ሰው ናቸው፤ ማህበሩ በሬዎቹን ሲያጠቃልል የሳቸውም ጥማድ ገባ፣ እሳቸው ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ጆሯቸው ከባድ ስለነበር በስብሰባ ላይ ሁልጊዜ ከተጨበጨበ በኋላ ነው የሚያጨበጭቡት። ሊቀመንበሩም «ለዚያች ዕቃ ይሁኑ» ብሎ ወደ እኔ ላካቸው። መጀመሪያ ቀን መጡና ትራክተሯን ዞረው ዞረው አይተው፣ ጎማዋን እንደ በሬ ታፋ መታ መታ አደረጉና፣

«በል፣ እንዴት ነው የምንጠምዳት?» አሉኝ።

«አትጠመድም አባቴ፣ ትገጠማለች።»

«እ?»

«ትገጠማለች!»

«የምትጎትት አይደለችም?»

«ትጎትታለች።»

«እንግዲያው ምን ታደርቀኛለህ፣ ትጠመዳለች!»

በወሩ እኔም «እንጥመዳት»፣ «እንፍታት» ማለት ጀመርኩ። የሥልጠናው ቋንቋ ከወረቀቱ ጋር ሳጥን ውስጥ ቀረ። ምን ላድርግ፣ ቀኑን ሙሉ የማወራው ከሳቸው ጋር ነው። ወደ ኋላ ስመጣ መዳፋቸውን እያርገበገቡ «ና፣ ና፣ ና የኔ ጌታ፣ ቀስ፣ ግራህን፣ ቁም!» ይሉኛል። ለኔ ይሁን ለትራክተሯ አይታወቅም። መጀመሪያ ግራው ክንድ ይገባል፣ ቀጥሎ ቀኙ፣ የላይኛው መጨረሻ። ሲፈታ ከላይ ይጀመራል። የማረሻዋ ክብደት መሬት ላይ ሳያርፍ ደግሞ ፒኑ በመዶሻም አይወጣ፤ ይህን ሥልጠናው ላይ በሁለት ቀን የነገሩኝን እሳቸው ባንድ ጥዋት አይተው ገባቸው።

ፒኖቹ እንዳይሾልኩ የሚይዙ ትንንሽ መቆለፊያዎች ነበሯቸው። አንዷ በመጀመሪያው ሳምንት ጥቁሩ አፈር ውስጥ ገብታ ቀረች። ሁለተኛዋንና ሦስተኛዋን የት እንደጣልናቸው እንጃ። አመለከትን። «መለዋወጫው በመንገድ ላይ ነው» ተባልን። እስካሁንም በመንገድ ላይ ነው። ሽማግሌው ከቤታቸው የበሬ ቆዳ ጠፍር ይዘው መጡ፤ ውሃ አስነክረው ሦስቱንም ፒኖች ጥርቅም አድርገው አሰሯቸው። ሲደርቅ ብረት ሆነ። ከዚያ ወዲያ ማረሻዋ በእውነትም የምትታሰርና የምትፈታ ሆነች፤ ሦስት ቋጠሮ ነበራት።

አንድ ቀን ከላይኛው ቋጠሮ ጋር ስታገል ሳልናገር ፈትቼ ፒኑን መዘዝኩት። ማረሻዋ ዘመም አለችና የሽማግሌውን አውራ ጣት ያዘቻት። አልጮሁም። እኔ ነበርኩ እንደ ልጅ የማለቅሰው። ከዚያ ሕግ አወጡ። «ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱን ስትፈታ ቁጥሩን ጠርተህ ጩህ። እኔም ሰማሁ እልሃለሁ። ካልሰማሁ እጄን አልጨምርም፣ አንተም አትጨምር» አሉ። እርሻው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ጩኸታችንን ለመደው። እኔ «አንድ! ፈታኋት!» እላለሁ፣ እሳቸው «ሰማሁ!» ይላሉ። ለሁለተኛውም ለሦስተኛውም እንደዚያው።

በዚያው ዓመት ሚስቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ ዋጃ ወላጆቿ ቤት ሄደች። እኔ የማወራውን ያህል እሷ ዝም የምትል ሴት ነበረች። ስቆጣ ቆማ ታየኛለች፣ ስጨርስ «አበቃህ?» ትላለች፣ በቃ። ያቺን «አበቃህ» ካላገኘኋት ቁጣዬ እንኳ አይወጣልኝም ነበር። ሴት ልጅ ተወለደች። ወሬው ሲደርሰኝ ሞተሩን ሳላጠፋ ነው ከትራክተሯ የዘለልኩት። ስሟ በወጣበት ቀን ሄጄ አየኋት፤ እፍኝ የማትሞላ ነገር ናት። አርባው ሲያልፍ ባል ራሱ ሄዶ፣ ቅቤና ማሩን ይዞ፣ ሚስቱን ማምጣት አለበት። ካዘገየ ናቃት ይባላል።

እኔ ሦስት ሳምንት አዘገየሁ። ናቅኋት? ወላሂ ናፍቆቷ ሊገድለኝ ነበር! ሊቀመንበሩ ነው የጠመደኝ። አንዱን ሳምንት ስብሰባ አለ፣ ሁለተኛውን የሌላ ማህበር መሬት እረስ፣ ሦስተኛውን ደግሞ እንግዳ ይመጣልና ትራክተሯ ታጥባ በር ላይ ትቁም። አማቴ ከዋጃ በመንገደኛ «መንገዱ ጠፍቶበት እንደሆነ ሰው እንላክለት» ብለው ላኩብኝ። ይህ በኛ አገር ቀልድ አይደለም።

ሐሙስ ዕለት ቀሪውን እርሻ ጨርሼ በማግሥቱ ልሄድ ቆርጬ ነበር። እኩለ ቀን ላይ የሊቀመንበሩ መልእክተኛ መጣና «ማረሻው ወርዶ ተሳቢው ይያዝ፤ ነገ ሰው ወደ ቆቦ ለሰልፍ ይመላለሳል» አለኝ። ደሜ ፈላ። ሽማግሌው ለዙህር ሰላት ውዱእ ሊያደርጉ ወደ ቦዩ ወርደዋል፣ አሥር እርምጃ ያህል ይርቃሉ። ልጠብቃቸው ይገባኝ ነበር፤ ግን የተቆጣ ሰው ምን ይጠብቃል? ብቻዬን ጀመርኩ፣ ሕጉን ግን አልረሳሁም።

«አንድ! ፈታኋት!»

«ሰማሁ!» አሉ ከቦዩ።

«ሁለት! ፈታኋት!»

«ሰማሁ!»

ሦስተኛው ቋጠሮ እምቢ አለኝ። ጥፍሬ ተሰነጠቀ፣ ጀርባዬ ተንቀጠቀጠ። መጨረሻ ላይ ሲለቅልኝ የሆዴ ሁሉ በአፌ ወጣ።

«ሦስት! ፈታኋት! ወገቤን ቆርጣኛለች፣ ሁለተኛ ዓይኗን ማየት አልፈልግም፣ ከፈለገ ሊቀመንበሩ ራሱ ይውሰዳት!»

«ደግ አደረግህ!» አሉ ሽማግሌው። «ከባድ ናት! ነገ ቀለል ያለችዋን እንጠምዳለን!» መከስከሻዋን ማለታቸው ነው።

በእርሻውና በመንገዱ መካከል ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ የምንመልስበት ሰው የሚያህል የአፈር ክትር አለ። ከክትሩ ወዲያ ማን እንደሚያልፍ አይታይም፣ ድምፅ ግን ጥርት ብሎ ይሻገራል። በዚያች ሰዓት ከቆቦ ገበያ ተመልሰው አህያቸውን እየነዱ የሚያልፉት የሚስቴ አጎት ነበሩ። ውሸት ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቅ፣ ድምፄን ደግሞ አሳምረው የሚያውቁ ሰው ናቸው። የሰሙትን ሰሙ። አንዴ ቢሆን መመለሻ አለው፤ ሦስቴ ከተባለ ግን በኛ ዘንድ ቤት ፈረሰ ማለት ነው። ምናለበት አንገታቸውን ብቅ ቢያደርጉ! ግን የወንድሙ ልጅ እንደዚያ ስትዋረድ የሰማ ትልቅ ሰው አንገቱን ብቅ አያደርግም። አህያቸውን አጣድፈው ወደ ዋጃ ሄዱ።

እኔ ይህን ከየት አውቄ? አርብን ሰው ሳመላልስ ዋልኩ። ቅዳሜ ማለዳ ማንንም ሳላስፈቅድ ቅቤውን፣ ማሩንና ለሚስቴ የገዛሁላትን ሻሽ ይዤ በእግሬ ወደ ዋጃ ገሰገስኩ። አማቴ በር ላይ ቆመው ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም።»

«ወአለይኩም ሰላም» አሉ፤ ከበሩ ግን ፈቀቅ አላሉም።

«ሚስቴን ልወስድ መጣሁ።»

«የትኛዋን?» አሉኝ። «ከባዷን ነው ወይስ ቀላሏን?»

ምን እንደሚሉ ፈጽሞ አልገባኝም። ያልገባኝ ሰው ደግሞ ዝም ብል ጥሩ ነበር፤ «ይህ ምን ዓይነት አቀባበል ነው!» ብዬ ጮህኩ። በዚህ መካከል ልጄ ከውስጥ አለቀሰች። እናቷ እሹሩሩ ስትላት ድምጿ ወፍሮ፣ ታፍኖ ነው የሚሰማው፤ ስታለቅስ እንደቆየች ያስታውቃል። ያኔ እቃዬን መሬት ላይ አስቀምጬ ቁጭ አልኩ።

አጎትየው የሰፈሩን ሸኽ ይዘው መጡ። ግቢው ውስጥ ካለችው የቁርቁራ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። አጎትየው የሰሙትን አንድም ሳይጨምሩ አንድም ሳይቀንሱ ተናገሩ። ሦስተኛዋ «ፈታኋት» ላይ ሲደርሱ ነገሩ ገባኝና ሳቅ አፈነኝ፤ ልቋቋመው አልቻልኩም፣ ተንከትክቼ ሳቅሁ። እዚያ ግቢ ውስጥ የሳቀ ሌላ ሰው አልነበረም።

«ሳቅህን ዋጥና ተናገር» አሉ ሸኹ። «ይህን ብለሃል አላልክም?»

«ብያለሁ። ግን ማረሻዋን ነው! ማረሻዋን ነው የፈታሁት!»

አማቴ ቀና አሉ። «ማረሻ አይፈታም። ይነቀላል» አሉ ቀስ ብለው። «በሠርግህ ሰሞን አንተ ራስህ አይደለህም ያስተማርከን?»

ያቺ ኩራቴ ተመልሳ መጣችብኝ። ሳቄ የት እንደገባ አላውቅም። ከዚያን ቀን በፊት ፈራሁ ስል ለካ አላውቀውም ነበር፤ ሚስቴ እዚያው ግድግዳ ወዲያ ሆና፣ እኔ ሳልፈታት ተፈትታ ልትቀር ነው።

ሸኹ ጣልቃ ገቡና «የልብህን ኒያ የሚያውቀው አላህ ነው። አጠገብህ የነበረ ሌላ ሰው አለ?» አሉኝ።

«አሉ። አንድ ሽማግሌ። ግን… ጆሯቸው ከባድ ነው።»

«ሱብሀነላህ! ይህም ምስክር ተገኘ!» አሉና ተነሱ። «እንሂድና እንያቸው። አንተ ግን እኔ ሳልጠይቅህ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ።»

ሸኹ፣ አማቴና አጎትየው ከፊት፣ እኔ መሃል ሄድን። ዘወር ስል ሚስቴ ልጇን አዝላ ከኋላችን ትከተላለች። ማንም ነይ አላላትም፣ ማንም ተመለሽ አላላትም። ያን ሁሉ መንገድ አንዴም አላየችኝም። «አበቃህ?» ባለችኝ እያልኩ ነበር የምሄደው።

ሽማግሌው ከማረሻዋ አጠገብ ተቀምጠው ጠፍር ሲያለሰልሱ አገኘናቸው። ሸኹ ጎንበስ ብለው በጆሯቸው ጮሁ።

«ሐሙስ ዕለት ይህ ሰው ምን አደረገ?»

«ማንን?»

«እኛ ነን የምንጠይቅዎ! ምን አደረገ?»

«ፈታት» አሉ ሽማግሌው፣ ማረሻዋን በጠፍሩ ጫፍ እየጠቆሙ። «ሳይጠብቀኝ። ቁጡ ነው።»

«ስንቴ ነው የፈታት?»

ሽማግሌው ሸኹን እንደ ሞኝ አዩአቸው። «ሦስት ናታ! አንደኛው ከላይ፣ ሁለቱ ከታች። ሦስቱም ካልተፈታ መች ትላቀቃለች?»

አጎትየው ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። ሸኹ ግን ነገር በጅምር የሚተዉ ሰው አልነበሩም፤ «በዓይናችን እንየው። ጠምዳችሁ ፍቱልን» አሉ። ተሳቢውን አላቅቄ ትራክተሯን አስነሳሁ። ሁለቴ ሳትኩ። ሽማግሌው «ና፣ ና የኔ ጌታ፣ ምን ሆነሃል ዛሬ?» ይላሉ። በሦስተኛው ገባልኝ፤ ሽማግሌው ሦስቱንም አሰሩ። ማረሻዋን መሬት ላይ አሳርፌ፣ ሞተሩን አጥፍቼ ወረድኩና እጄን ከላይኛው ቋጠሮ ላይ አደረግሁ።

ሚስቴ ሦስት እርምጃ ራቅ ብላ ቆማለች። ቋጠሮው ተፈታልኝ። ቃሉ ግን ከአፌ አልወጣም። ስንቴ እንዳልጮህኳት!

«ጩህ እንጂ!» አሉ ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው። «ካልሰማሁ እጄን አልጨምርም!»

«በል» አለች ሚስቴ። የዚያን ቀን የመጀመሪያዋ ቃል ናት። «ለኔ ካልሆነ ምን ያስፈራሃል?»

«አንድ!» አልኩ። ወደ ሚስቴ ዞርኩ። «አሳረፍኳት!»

«እ? ምን አልክ?»

«አሳረፍኳት!»

ሽማግሌው አሰብ አደረጉ። «ሰማሁ» አሉ። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም እንደዚያው አሳረፍኳት። አጎትየው በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። ሲገልጡት ሳቅ ነው። «አውፍ በለኝ ልጄ፣ አንገቴን ብቅ ባደርግ ምን ነበረበት» አሉኝ። አማቴም ሳቁ፤ ሸኹ ግን ዱዓ ካደረጉ በኋላ ነው የሳቁት።

ሚስቴ አልሳቀችም። ቀረብ ብላ «ወገቤን ቆርጣኛለች ያልከውስ?» አለች።

«ማረሻዋን!»

«ዓይኗን ማየት አልፈልግም ያልከው?»

«እሷኑ! አላህ ምስክሬ ነው፣ እሷኑ!»

«ማረሻ ዓይን አላት?»

ያን ጊዜ ነው ፈገግ ያለችው። ልጃችንን ከጀርባዋ አውርዳ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝና «በል ይቺን ያዝ፣ ወገብ አትቆርጥም» አለችኝ። «ያቺ ቃል ግን ሁለተኛ ከአፍህ እንዳትወጣ። ለማረሻም ለገመድም።»

አልወጣችም። በቤታችን ፍየል አይፈታም፣ ጫማ አይፈታም፤ ይሳረፋል። ልጆቼ በዚሁ አደጉ። ትምህርት ቤት ሄደው «ቲቸር፣ ጫማዬን ያሳርፉልኝ» እያሉ አስቀውብኛል። አንዳችን ሸክም ስናወርድ ወይ ገመድ ስናላቅቅ «አሳረፍኩት!» ብሎ መጮህ፣ ሌላው «ሰማሁ!» ማለት የቤታችን ጨዋታ ሆነ። እሷም ስቆጣ አይታ አይታ «አበቃህ? በል አሳርፋት» ትለኝ ነበር። ሽማግሌው ከማህበሩ ቀድመው ሄዱ፣ አላህ ይዘንላቸው። ማህበሩም ከደርጉ ጋር ፈረሰ።

ሚስቴን ባለፈው ዓመት ቀበርናት። መቃብሩ ውስጥ ወርጄ የተቀበልኳት እኔ ነኝ። ከፈኗ ሦስት ቦታ ታስሯል፤ ራስጌዋ፣ ወገቧና ግርጌዋ ላይ። ካስተኛኋት በኋላ ከላይ ካሉት አንዱ «ቋጠሮውን ፍታላት» አለኝ። እንደዚያ መባሉን አውቃለሁ፣ ደንቡ ነው። እጄ ግን ከቋጠሮው ላይ ቆሞ ቀረ።

«አንድ» አልኩ። «አሳረፍኳት።»

«ምን አለ?» ይላሉ ከላይ። «ምን አለ ሰውዬው?»

ወገቧን ላላ አደረግሁላት። «ሁለት፣ አሳረፍኳት።» ግርጌዋ ላይ ስደርስ፣ ዕድሜዬን በሙሉ ስጮህ የኖርኩት ሰውዬ በሹክሹክታ ነው ያልኩት።

«ሦስት፣ አሳረፍኳት።»

ወንዱ ልጄ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክኮ እጁን ዘረጋልኝ። «ሰማሁ፣ አባዬ» አለኝ።